ከማዕድ ወደ ፍሳሽ ቱቦ፦ ጥሬ ኦይስተርን ከቫይረስ የመጠበቅ ጥረት ታሪክ

ኦይስተር በሁለት ሸካራ ዛጎሎች መካከል ተከትቶ፣ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ምግብ ፍለጋ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ውኃውን ወደ ውስጥ እየሳበ በስንጥቦቹ ላይ ያሳልፍና በውስጡ የሚንሳፈፉትን ረቂቅ ተክሎች አስቀርቶ ውኃውን መልሶ ይለቀዋል። አንድ የደረሰ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር የሚደርስ ውኃ ሊያጣራ ስለሚችል፣ በባሕሩ ውስጥ ሳስቶ የተበተነ ነገር ሁሉ በእንስሳው ሆድ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። መስልና ክላም የሚባሉት ሌሎቹ ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳትም አመጋገባቸው ይኸው ነው።

ቁርጥ ሥጋ በሚወደድበት አገር ላደገ አንባቢ፣ ሰው ጥሬ ነገር ለምን እንደሚያምረው ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም። ልዩነቱ፣ የኦይስተር ተመጋቢ ዛጎሉን አስከፍቶ፣ ሎሚ ጠብ አድርጎበት፣ ገና ያልሞተውን እንስሳ ከነአንጀቱ የሚውጥ መሆኑ ነው። ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይበላል፤ በሬም ጨጓራው ታጥቦ ይሠራል፤ ኦይስተር ግን ያጣራውን ውኃ ዝቃጭ እንደያዘ ወደ አፍ ይገባል። እንግዲህ ከ130 ዓመት በላይ የቆየው ሙግት ይህን ምግብ ሳያበስሉ ከበሽታ ነጻ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ከ1894 እስከ 1906፦ ሦስቱ ግብዣዎችና አንዱ ክስ

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ቆሻሻን ከቤት የሚያስወጣ የፍሳሽ ቱቦ በስፋት እየዘረጉ ነበር። ቱቦው ግን ቆሻሻውን ከደጃፍ ወደ ወንዝ ከማዛወር ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ ወንዙም የሚወርደው የኦይስተር መደቦች ወዳሉበት የባሕር ዳርቻ ነበር።

በጥቅምት 1894 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ሚድልታውን ከተማ በሚገኘው የዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ማኅበራት አዳዲስ አባላታቸውን በግብዣ ተቀበሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሃያ በላይ ሰዎች በታይፎይድ፣ ማለትም በአንጀት ተስቦ ተይዘው አራቱ ሞቱ። የዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ኸርበርት ኮን የመጠጥ ውኃውን፣ ወተቱንና አይስክሬሙን አንድ በአንድ እየመረመረ ከጥርጣሬ ካወጣ በኋላ፣ በሽታው የተገኘባቸውን ማኅበራት የሚያገናኛቸው ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ጥሬ ኦይስተር ብቻ ሆኖ አገኘው። ነጋዴው እንደ ዘመኑ ልማድ ኦይስተሩን ከመሸጡ በፊት ለአንድ ሁለት ቀን በወንዝ አፍ ላይ ያኖረው ነበር፤ ኦይስተር ጨዉ ያነሰ ውኃ ውስጥ ሲገባ አብጦ የሰባ ይመስላልና። ከዚያው ማድለቢያ ትንሽ ራቅ ብሎ የታይፎይድ ሕሙማን የተኙበት ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይገባ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1902፣ በእንግሊዝ የዊንቸስተርና የሳውዝሃምፕተን ከተሞች በአንድ ቀን ባደረጓቸው ሁለት የከንቲባ ግብዣዎች ላይ ከኤምስወርዝ ወደብ የመጣ ኦይስተር ቀረበ። የዊንቸስተር ካቴድራል አለቃ ዊልያም ስቲቨንስን ጨምሮ በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ የኤምስወርዝ የኦይስተር ንግድም ወደቀ። የመንግሥት የጤና መርማሪ የነበረው ቲምብሬል ቡልስትሮድ ባቀረበው ሪፖርት ውስጥ በወቅቱ እምብዛም ያልተተኮረበት ነገር አለ፤ ታይፎይድ የያዛቸው ሰዎች ሃያ ያህል ሲሆኑ፣ ከመቶ የሚበልጡ ተጋባዦች ግን ከግብዣው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በትውከትና በተቅማጥ ታመው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድነዋል። የሞተው ሰው ብቻ ይቈጠር ስለነበረ ሆድ ቁርጠት ተረሳ። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ያ ፈጣን ትውከት የቫይረስ ሥራ ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረስ የሚለው ሐሳብ ራሱ በዚያን ጊዜ ገና የአሥር ዓመት ዕድሜ ያልሞላውና በጥቂት ተመራማሪዎች ዘንድ ብቻ የሚታወቅ ነበር።

የኤምስወርዝ ታሪክ በሞት አላበቃም። የመደቦቹ ባለቤት የነበረው ነጋዴ ፎስተር ጉዳቱን ያደረሰው የዋርብሊንግተን ከተማ ምክር ቤት መደቦቹ አጠገብ ያወጣው ፍሳሽ ነው ሲል ከሰሰ፤ በ1906 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ፈረደለት። ፍርዱ፣ ጥያቄው ስለ ኦይስተሩ ሳይሆን ስለ ፍሳሹ መሆን እንዳለበት ገና በማለዳ የተናገረ ነበር። መንግሥታትና ነጋዴዎች ግን ቀጥለው የተከተሉት ሌላ መንገድ ነው፤ የፍሳሽ ማጣሪያ መገንባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ኦይስተሩን ማጠብ ግን ርካሽ ይመስል ነበር።

ከ1910ዎቹ እስከ 1925፦ ገንዳውና ሰርተፍኬቱ

በሰሜን ዌልስ፣ ኮንዊ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ የመስል ለቃሚዎች እንጀራ በዚሁ በታይፎይድ ስጋት ሊቋረጥ በደረሰበት ጊዜ ሮበርት ዶጅሰን የተባለ ሐኪም እንስሳውን ራሱ የማጥራት ዘዴ አዳበረ። አሠራሩ ቀላል ነው። መስሎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረው በውኃ ግፊት ጭቃቸው ይታጠባል፤ ከዚያም በክሎሪን ጀርሙ የተገደለና ክሎሪኑ ተመልሶ የተወገደለት የባሕር ውኃ በገንዳው ውስጥ ይለቀቅባቸዋል። ንጹሕ ውኃ ያገኘው እንስሳ እንደ ልማዱ መሳብና መልቀቅ ይጀምርና በሆዱ ያለውን ቆሻሻ በገዛ ራሱ ጊዜ ያስወጣል፤ ቆሻሻው በርብራቡ ሥር ይዘቅጥና ይታጠባል። ዶጅሰን ስለዚህ ሥራ በ1928 ያሳተመው ዳጎስ ያለ ዘገባ ለብዙ ዓመታት የሙያው መመሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬም በመላው ዓለም ኦይስተር ለአንድ ቀን ተኩል ወይም ለሁለት ቀን የሚቆይበት የማጥሪያ ገንዳ የኮንዊ ልጅ ነው፤ የተለወጠው ክሎሪኑ በአብዛኛው በአልትራቫዮሌት ብርሃን መተካቱ ነው።

አሜሪካ የተነቃነቀችው በ1924 መጨረሻና በ1925 መጀመሪያ በነበሩት የብርድ ወራት ነው። በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በዋሽንግተን ከ1,500 በላይ ሰዎች በታይፎይድ ታመው 150 ያህሉ ሞቱ፤ ምንጩም ከኒው ዮርክ አቅራቢያ ከሎንግ አይላንድ የተላከ ኦይስተር ሆኖ ተገኘ። ድንጋጤው ገበያውን ባዶ ስላደረገው ነጋዴዎቹ ራሳቸው ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ለመኑ፤ ይህ በንግድ ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የአገሪቱ የጤና ጥበቃ ኃላፊ ሂዩ ከሚንግ በየካቲት 1925 በዋሽንግተን በጠሩት ጉባኤ ላይ የክልል መንግሥታት፣ የፌደራሉ መንግሥትና ነጋዴዎች አንድ ሥርዓት መሠረቱ። ዳርቻው ይጠናል፣ ውኃው ይመረመራል፣ የተበከለው አካባቢ ይዘጋል፣ እያንዳንዱ ጭነትም ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ምልክት ይይዛል።

ውኃው የሚመረመረው ግን በምን ነበር? የታይፎይድን ባክቴሪያ በሰፊ ባሕር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት መርፌን በጭድ ክምር ውስጥ እንደመፈለግ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎቹ በምትኩ ኮሊፎርም የሚባሉትን፣ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ በብዛት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች መቍጠር መረጡ። ኮሊፎርም ካለ ዓይነ ምድር አለ፤ ዓይነ ምድር ካለም በሽታ ሊኖር ይችላል። ይህ ምርጫ ለታይፎይድ ፍቱን ሆኖ ተገኘ፤ የመጠጥ ውኃን በክሎሪን ማከም ከተስፋፋበትም ጊዜ ጋር ስለገጠመ በኦይስተር የሚመጣ ታይፎይድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ ጠፋ ለማለት ተቃረበ። ድሉ እውነተኛ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ከ40 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ መስፈርቱን የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አልተገኘም።

ከ1955 እስከ 1973፦ መስፈርቱን ያለፈው ኦይስተር

ሄፓታይተስ ኤ ጉበትን የሚያጠቃና ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ፣ በአማርኛ በተለምዶ የወፍ በሽታ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በዓይነ ምድር በተበከለ ምግብና ውኃ ነው። በ1955 መጨረሻ በስዊድን ከ600 በላይ ሰዎች ፍሳሽ በደረሰበት ውኃ ውስጥ የቆየ ኦይስተር በልተው በዚህ በሽታ ተያዙ፤ በኦይስተር ምክንያት የተነሣ የቫይረስ ወረርሽኝ በጽሑፍ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው። በ1961 ደግሞ በአሜሪካ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በኦይስተር፣ በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ አካባቢ ከራሪታን ወሽመጥ በወጣ ክላም ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነሣ።

ይህን በሽታ ለመርማሪ አስቸጋሪ የሚያደርገው ጊዜው ነው። ሰው ከበላበት ቀን አንሥቶ ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን ድረስ በአማካይ አራት ሳምንት ያልፋል፤ የበላውን የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ እንኳ ዛጎሉ ከተጣለ፣ ምልክቱም ከጠፋ ወር ሆኖታል።

እነዚህ ወረርሽኞች ግን በአንድ ምክንያት ሊታለፉ ይችሉ ነበር፤ ውኃው በግልጽ ቆሽሿልና ጥፋቱ የሕጉ ሳይሆን የሕግ ጣሹ ነበር። ለውጡን ያመጣው በ1973 የደረሰው ነው። በሉዊዚያና ከሚገኙ ክፍት መደቦች የተሰበሰበ ኦይስተር በቴክሳስ ሂውስተንና በጆርጂያ ግዛት ካልሁን ከተማ ከ270 በላይ ሰዎችን በሄፓታይተስ ኤ አሳመመ። መርማሪዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው መዝገቡን ሲፈትሹ መደቦቹ የኮሊፎርም መስፈርቱን ያሟሉ ሆነው አገኙአቸው። በዚያ ዓመት የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውኃ ወደ መደቦቹ ደርሶ ነበር፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ባክቴሪያው ከኦይስተሩ ወጣ፣ ቫይረሱ ግን ለሳምንታት ቀረ። ሕጉን ማንም አልጣሰም፤ ሕመሙ ግን መጣ።

ከ1968 እስከ 1982፦ ስም ያገኘው ትውከት

በጥቅምት 1968 በኦሃዮ ግዛት በኖርዎክ ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ። የበሽታው ምክንያት ሳይታወቅ አራት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1972 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው አልበርት ካፒኪያን ከሕሙማኑ ዓይነ ምድር የተወሰደውን ናሙና ከዳነ ሰው ደም ፀረ እንግዳ አካል ጋር አቀላቅሎ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ስፋታቸው 27 ናኖሜትር የሆነ ክብ ነገሮች ተያይዘው አየ። ይህ ኖርዎክ ቫይረስ፣ በኋላም ከዘመዶቹ ጋር ኖሮቫይረስ ተባለ። አብዛኞቹን ሕሙማን አይገድልም፤ ነገር ግን ጥቂት ቅንጣት ብቻ በቂው ስለሆነ በተላላፊነቱ የሚተካከለው ጥቂት ነው፣ ታማሚውም በአንድ ጊዜ በቢሊዮን የሚቈጠር ያስወጣል።

ኖርዎክ ከኦይስተር ጋር ያለውን ዝምድና ዓለም ያወቀው በ1978 ከአውስትራሊያ ነው። ከሲድኒ በስተ ደቡብ ካለው የጆርጅስ ወንዝ የተሰበሰበ ኦይስተር በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ቢያንስ 2,000 ሰዎችን አሳመመ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥትና ነጋዴዎቹ መልሱ የኮንዊው ገንዳ መሆኑን አልተጠራጠሩም። ገንዳው ግን በሰው ተፈተነ፤ በማጥሪያው ያለፈው ኦይስተር ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እንዲቀምሱት ፈቃደኞች ተጋበዙ። በ1981 የታተመው ውጤት አጭርና አሳፋሪ ነበር፤ ባክቴሪያው የጸዳለትን ኦይስተር ከበሉት ፈቃደኞች አንዳንዶቹ በኖርዎክ ቫይረስ ታመሙ።

በቀጣዩ ዓመት ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ በኒው ዮርክ ግዛት ብቻ በክላምና በኦይስተር ምክንያት 103 ወረርሽኞች ተመዝግበው ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ። እንግዲህ ገንዳው የተሠራው ለባክቴሪያ እንደነበረ፣ መስፈርቱም በባክቴሪያ ዓይን የሚያይ እንደነበረ ግልጽ ሆነ። ግልጽ ያልሆነው ቫይረሱ በእንስሳው ውስጥ ለምን እንደሚቀር ነበር፤ ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከሩብ መቶ ዘመን በኋላ ነው።

1988፦ ሻንግሃይ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ወረርሽኝ የደረሰው ከምዕራባውያን ምግብ ቤቶች ርቆ ነው። ሻንግሃይ ውስጥ ማኦሃን የሚባል፣ ዛጎሉ ጸጉራም የሆነ ክላም በጣም ይወደዳል። አሠራሩም ክላሙን በፈላ ውኃ ለቅጽበት ነከር አድርጎ ዛጎሉ ገርበብ ሲል ማውጣት ነው። ሥጋው ደም እንዳዘለ ለስላሳ ሆኖ መቅረብ ስላለበት፣ ከዚያ በላይ የሚያፈላ ሰው ምግቡን እንዳበላሸ ይቈጠራል። በ1987 መጨረሻ በያንግትዜ ወንዝ አፍ፣ በቺዶንግ አካባቢ ብዙ ማኦሃን የያዘ መደብ ተገኝቶ ምርቱ በጀልባ ወደ ከተማዋ ጎረፈ፤ መደቡ ግን በሰው ፍሳሽ ተበክሎ ነበር።

በጥር 1988 አጋማሽ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ፤ ወረርሽኙ በመጋቢት እስኪበርድ ድረስ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ ተያዙ፣ ከ30 በላይም ሞቱ። አልጋ ስላልበቃ ትምህርት ቤቶችና የፋብሪካ አዳራሾች የሕሙማን ማደሪያ ሆኑ። ጥናቱ እንዳሳየው ማኦሃን ከበሉት ሰዎች ከመቶ 12 ያህሉ ሲታመሙ፣ ካልበሉት የታመሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የከተማዋ አስተዳደር የማኦሃንን ሽያጭ አገደ።

ከሻንግሃይ በፊትም እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ኮክል የተባለው ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ ባስነሣው ሄፓታይተስ የተነሣ፣ ምን ያህል ሙቀት በቂ ነው የሚለውን ጥያቄ መርምረው ነበር። መልሳቸው የእንስሳው የውስጥ ሥጋ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ90 ሰከንድ መቆየት አለበት የሚል ሲሆን፣ በኋላ የአውሮፓ ሕግ ሆነ። ዛጎል ሲከፈት በስሏል ማለት አይደለም፤ ዛጎሉ የሚከፈተው ከዚህ ሙቀት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ለኮክል ችግሩ በዚህ ተፈታ። ጥሬ ኦይስተር ለሚወድ ሰው ግን ይህ መፍትሔ ምግቡን ከማስተው የተለየ አልነበረም።

ከ1990 እስከ 2006፦ የተያያዘው ስኳር

በ1990 በሂውስተን ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ፣ በሜሪ ኤስቲስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሺ ጂያንግ የኖርዎክን ቫይረስ የዘር መረጃ ቀድቶ ማውጣት ቻለ። ከዚያ በኋላ ፒሲአር በሚባለው፣ ጥቂት የዘር ቅንጣትን ደጋግሞ በማባዛት እንዲታይ በሚያደርገው ዘዴ፣ ቫይረሱን በኦይስተሩ ሥጋ ውስጥ በቀጥታ መፈለግ ተቻለ። በ1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ያወጣው መመሪያ ግን አሁንም በባክቴሪያ ላይ የቆመ ነበር። መደቦች በኦይስተሩ ሥጋ ውስጥ በሚገኘው፣ ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ብዛት ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚል ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ለአንደኛው ደረጃ በመመሪያው የተቀመጠው ወሰን በ100 ግራም ሥጋ 230 ኢ. ኮላይ ነበር፤ የዚህ ደረጃ ኦይስተር ሳይታጠብ ለገበያ ይቀርባል፣ ሁለተኛው በገንዳ መጥራት አለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ንጹሕ ባሕር ተዛውሮ ቢያንስ ሁለት ወር መቆየት ይኖርበታል።

በኅዳር 1993 የሉዊዚያና ኦይስተር እንደገና በብዙ ግዛቶች ሰው አሳመመ። በዚህ ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ ላይ የፈነዳ ቱቦ አልነበረም፤ መደቦቹም ከከተማ የራቁ ነበሩ። መርማሪዎቹ ለቃሚዎቹን ሲጠይቁ ከወረርሽኙ ጥቂት ቀደም ብሎ ታሞ የነበረና ከጀልባው ላይ ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ባሕር የደፋ ሠራተኛ ተገኘ፤ ደሙም ቫይረሱ እንደያዘው መሰከረ። የአንድ ሰው ባልዲ ሰፊ መደብ አበላሽቶ ነበር። የአሜሪካው ሥርዓት በጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ክዳን ያለው መጸዳጃ ይዞ እንዲወጣ ወደማስገደድ የዞረው ከዚህ ዓይነቱ ተሞክሮ በመነሣት ነው። የተራቀቀ ምርምር ባለበት መስክ ውስጥ ከጠቀሙት እርምጃዎች አንዱ ባልዲ መሆኑ አይዘነጋም።

በ2006 በፈረንሳይ የባሕር ምርምር ተቋም በኢፍሬሜር የምትሠራው ፍራንስዋዝ ለ ጉያዴርና ባልደረቦችዋ የቆየውን እንቆቅልሽ ፈቱ። የኖርዎክ ቫይረስ በሰው አንጀት ላይ የሚጣበቀው የደም ዓይነትን ከሚወስኑት ስኳሮች ጋር በመያያዝ ሲሆን፣ ኦይስተርም በምግብ መፍጫው ውስጥ ከሰው የደም ዓይነት ኤ ስኳር ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ቫይረሱ በኦይስተሩ ሆድ ውስጥ እንደ ጭቃ አልተቀመጠም፤ ተጣብቋል። በገንዳ ውስጥ የሚሽከረከረው ንጹሕ ውኃ ልቅ የሆነውን ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ሲያወጣው የተጣበቀው ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ እንስሳው ሥራውን በሚያቀዘቅዝበት የብርድ ወቅት ደግሞ የበለጠ ይቆያል። የዶጅሰን ገንዳ ጥፋት አልነበረበትም፤ የተጠየቀው ከተሠራበት ዓላማ ውጭ የሆነ ነገር ነበር።

ከ2009 እስከ 2019፦ መለካትና መጭመቅ

በ2009 መጀመሪያ በእንግሊዝ አንድ ዝነኛ ምግብ ቤት ከ500 በላይ ደንበኞቹ ታመሙበት፤ ምርመራውም ወደ ኦይስተር አመለከተ። በዚያው ዓመት በዩናይትድ ኪንግደም ተጀምሮ በ2011 የተጠናቀቀው ጥናት ከተመረመሩት የኦይስተር ናሙናዎች ከመቶ 76ቱ ውስጥ የኖሮቫይረስ ዘር አገኘ። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ ነገር ግን ፒሲአር ሕያው የሆነውንና ሬሳውን አይለይም። ከ76ቱ ውስጥ ሰው ሊያሳምሙ የሚችሉት ስንቶቹ እንደሆኑ በመሣሪያው መናገር ስለማይቻል፣ ነጋዴዎቹ የሞተ ቫይረስ ተቈጥሮ ሊዘጋብን ነው ሲሉ፣ የጤና ባለሙያዎቹ ደግሞ ዘሩ ካለ ፍሳሽ ደርሷል ማለት ነው እያሉ ዓመታት ተከራከሩ። በአውሮፓ አቀፍ ደረጃ በ2019 የወጣው ጥናት በምርት አካባቢዎች ከመቶ 34.5፣ ወደ ገበያ ሊላክ በተዘጋጀው ኦይስተር ላይ ደግሞ ከመቶ 10.8 የሚሆነው ኖሮቫይረስ እንደነበረበት አሳየ። ኖሮቫይረስን በቤተ ሙከራ በሚገባ ማባዛት የተቻለው ራሱ በ2016፣ ከሰው አንጀት ሴል በተዘጋጀ ጥቃቅን ሕብረ ሕዋስ ላይ ነው፤ ያውም ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር የሚሆን አይደለም።

አሜሪካውያኑ በሌላ በኩል አዲስ አመልካች ፈለጉ። ፌጅ የሚባሉት፣ ሰውን ሳይሆን ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች በፍሳሽ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፣ በኦይስተርም ውስጥ አቀማመጣቸው ከባክቴሪያ ይልቅ ለኖሮቫይረስ የቀረበ ነው። ከ2009 ጀምሮ በአሜሪካ ፍሳሽ ፈስሶበት የተዘጋ መደብ ከመከፈቱ በፊት ወይ 21 ቀን መቆየት አለበት፣ ወይም በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ ያለው የፌጅ ቍጥር ከ50 መብለጥ የለበትም። በባክቴሪያ የተጀመረው የመለኪያ ታሪክ ቫይረስን በቫይረስ ወደመለካት የተሻገረው በዚህ ነው።

ሳይበስል መግደልም ተሞክሯል። ኦይስተርን በውኃ በተሞላ ጠንካራ የብረት ዕቃ ውስጥ አስገብቶ በከፍተኛ ግፊት መጭመቅ በሉዊዚያና ከ1999 ጀምሮ ለንግድ ይሠራበታል፤ መጀመሪያ የታሰበው ቪብሪዮ ለተባለ አደገኛ የባሕር ባክቴሪያ ነበር። በ2011 በታተመ ሙከራ ግን ኖርዎክ ቫይረስ የተጨመረበትን ኦይስተር እንዲበሉ የተስማሙ ፈቃደኞች ተመርጠው፣ ኦይስተሩ በ600 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም ከተለመደው የአየር ግፊት 6,000 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት ለአምስት ደቂቃ ተጨመቀ። ከበሉት ውስጥ አንድም ሰው አልተያዘም፤ ግፊቱ 400 ሜጋ ፓስካል በነበረ ጊዜ ግን የተያዙ ነበሩ። ጉድለቱ ከግፊቱ በኋላ ዛጎሉ በራሱ የሚከፈትና ኦይስተሩ የሞተ መሆኑ ነው። መልኩ ጥሬ ነው፣ ጣዕሙም ለጥሬ የቀረበ ነው፤ ሎሚ ሲነካው የሚኮማተር ሕያው እንስሳ ለሚፈልግ ፈረንሳዊ ግን ሬሳ ነው፤ የመሣሪያውም ዋጋ ለትንሽ አርቢ የሚቀመስ አይደለም።

ከ2023 እስከ 2024፦ አርካሾን

ፈረንሳውያን ኦይስተር ከምንም ጊዜ ይልቅ የሚበሉት በገናና በአዲስ ዓመት ነው። ይኸው ወቅት ኖሮቫይረስ በከተሞች የሚስፋፋበት፣ ዝናብ የፍሳሽ ቱቦዎችን የሚያጥለቀልቅበት፣ ኦይስተሩም በቅዝቃዜ ምክንያት የያዘውን የማይለቅበት ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ቦርዶ አጠገብ ባለው የአርካሾን ወሽመጥ በ2023 መገባደጃ ላይ እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተገናኙ። ከባድ ዝናብ ወረደ፣ የፍሳሽ መረቡ ሞልቶ ፈሰሰ፣ በገና ሰሞንም ከወሽመጡ ኦይስተር የበሉ ሰዎች ታመሙ። በታኅሣሥ 27 የዢሮንድ አውራጃ አስተዳደር ከአርካሾን ዛጎል ለበስ እንስሳትን መሰብሰብና መሸጥ ከለከለ፤ ለገበያ የወጣውም ተመልሶ እንዲሰበሰብ አዘዘ።

አርቢዎቹ መደባቸውን አላበላሹም፤ ገንዳቸውም በሚገባው ልክ ይሠራ ነበር። ጣታቸውን የቀሰሩት ኤምስወርዝ ላይ ፎስተር ከ120 ዓመት በፊት ወደቀሰረበት አቅጣጫ፣ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የተዘጉ ገንዳዎችን በየብስ ላይ መገንባት ይዘዋል። ሐሳቡ፣ ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ ትንበያው ሲናገር ኦይስተሩን ፍሳሹ ሳይደርስበት ከባሕር አውጥቶ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ማስጠለል ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባ የማይወጣውን ቫይረስ ከመጀመሪያው እንዳይገባ ለማድረግ። የአርካሾን እገዳ በጥር 19 ቀን 2024 ተነሣ፤ የአዲስ ዓመቱ ገበያ ካለፈ ሁለት ሳምንት ተኩል ሆኖት ነበር።